የማን ወገብ? ስለ «ጥልቀት የሌለው ባሕር» ጽሑፎች

በሞያሌ ውኃ የሚታወቀው በጥልቀቱ እንጂ በስፋቱ አይደለም። ከከተማይቱ በስተሰሜን ያለው የቦረና ምድር ውኃውን የሚያገኘው የመሬትን ሆድ ቆፍሮ ነው። በዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች ካሉት የቱላ ኤላዎች መካከል እስከ 30 ሜትር የሚወርዱ አሉ፤ ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበሉባቸዋል። በከተማው ውስጥ ደግሞ ውኃ ማለት ቢጫ ጀሪካን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ ያየ ሕፃን፣ ውኃ ሰው የሚጠብቀው ነገር እንጂ ሰው የሚገባበት ነገር መሆኑን አያውቅም። ዋና ባይችል ማን ይፈርድበታል? አባትና እናቱም አይችሉም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ተለውጧል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው፣ በአቧራውና በድንጋዩ ስንቱን መንገደኛ ያማረረው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለብሷል። ከናይሮቢ ሞምባሳም ከ2017 ጀምሮ አዲሱ ባቡር ይመላለሳል። ቀድሞ የነጋዴና የሹፌር ብቻ ይመስል የነበረው የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ዛሬ በትምህርት ቤት ዕረፍት ቤተሰብ ይዞ የሚወረድበት ሆኗል። እዚያ የደረሰ ቤተሰብ ደግሞ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ በእጁ የሚገባለት አንድ በራሪ ወረቀት ነው፤ ወደ ኮራሉ በጀልባ ወስዶ፣ መነጽርና ቱቦ አልብሶ፣ ዓሣ አሳይቶ የሚመልስ ጉብኝት የሚያስተዋውቅ ወረቀት። ይህ ሂስ የሚመለከተውም ያንን ወረቀት ነው።

ማስታወቂያን እንደ ድርሰት መተቸት ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ሆኖም ልብ ወለድ ቢያሳስት አንባቢው ቢበዛ ቅር ይለዋል፤ ይህኛው ዘውግ ሲያሳስት ግን አንባቢው ልጁን ይዞ ውኃ ውስጥ ቆሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ነበር። ስለ ውኃ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር በዚህ ቁጥር ፊት መነበብ ይኖርበታል።

የወረቀቱ ቋንቋ በየሆቴሉ፣ በየጀልባው አንድ ዓይነት ነው። ውኃው ረጋ ያለ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ነው፤ ለማንኛውም ዕድሜ የሚስማማ ነው፤ ዋና ማወቅን የማይጠይቅ ነው። አራት ቅጽሎች ተደርድረዋል፤ እንቅስቃሴ የሚያሳይ አንድ ግሥ እንኳ የለም። የባሕር ጠባይ ግን የሚነገረው በግሥ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይሞላል፣ ይሸሻል፣ ይጎትታል። የጠረፉ ስዋሂሊ ዓሣ አስጋሪ ይህን ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቃል አለው፤ ውኃው ሲሸሽ «ማጂ ኩፕዋ»፣ ሲሞላ «ማጂ ኩጃአ»፣ ሙላቱ ከልክ የሚያልፍበት ወቅት «ባምቩአ»፣ ውኃው ሰንፎ እምብዛም የማይንቀሳቀስበት ወቅት «ማጂ ማፉ»፣ ማለትም የሞተ ውኃ። ወረቀቱ ከዚህ ሁሉ መዝገበ ቃላት አንዱን እንኳ አልተበደረም። ለፎቶግራፍ የቆመ ባሕር ይሸጣል።

ወደ አማርኛ ሲመለስ ነገሩ ይብሳል። በእንግሊዝኛው አንድ አጭር ቃል የሆነው ነገር በአማርኛ «ጥልቀት የሌለው» ተብሎ ይተረጎማል፤ ልብ ብሎ ላነበበው ግን ይህ ሐረግ የሚለው ሌላ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ የለም። ጥልቀት የሌለው ነገር ደረቅ መሬት ነው። ተርጓሚው ቃል ሲያጣ የካደው ራሱን ውኃውን ነው፤ አንባቢውም «የለውም» ተብሎ የተነገረውን ነገር እንዴት ብሎ ይፍራው? «ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ» ማለት ትንሽ ይሻላል፤ ግን እሱም ከማን አንጻር እንደሚያንስ አይናገርም።

አማርኛ እኮ ለዚህ ጉዳይ ድኻ ቋንቋ አይደለም። ወንዝ የሚሻገር ገበሬ ውኃውን የሚለካው በአካሉ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት፣ ከጉልበት፣ ከወገብ፣ ከአንገት ይላል። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 47 ላይ ያለው ራእይም እንዲሁ ይለካል። ገመድ የያዘው ሰው ሺህ ክንድ እየለካ ነቢዩን ወደ ውኃው ያስገባዋል፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ፣ በአራተኛው ልክ ግን በእግር የማይሻገሩት፣ የሚዋኙበት ወንዝ ይሆናል። በዚያ ምዕራፍ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ለኪው በዳር ቆሞ «ግቡ፣ ችግር የለም» አይልም፤ ነቢዩን እየመራ ያሳልፈዋል። መለኪያው ደግሞ የሚገባው ሰው አካል ነው። የጉብኝት ወረቀቱ «እስከ ወገብ» እንኳ ቢል፣ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የማን ወገብ? ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ አባት ወገብ ላይ የደረሰ ውኃ የአምስት ዓመት ልጁን አፍንጫ ያልፋል።

ወገቡ የማን እንደሆነ ከተለየ በኋላ ደግሞ ጥያቄው «የስንት ሰዓት ወገብ?» የሚል ይሆናል። የኬንያ ጠረፍ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ከሽሽት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ግማሽ ጨረቃ በሚታይበት ሰሞን ግን እጅግ ያንሳል። መርከበኞች ለዚህ አንድ የቆየ የግምት ስሌት አላቸው። ጠቅላላው ልዩነት አሥራ ሁለት እጅ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛውም ሦስት ይሞላል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ልዩነቱ 3 ሜትር ከ60 በሆነበት ቀን ይህ ማለት በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 90 ነው። ውኃው ከመጨረሻው ሽሽት ላይ ሳለ ወገቡ ድረስ፣ አንድ ሜትር ያህል ውኃ ውስጥ የቆመ አባት፣ ካለበት ሳይንቀሳቀስ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ውኃው አንድ ሜትር ከ90 ይሆናል፤ ራሱን አልፎታል። የመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ያዘናጋል። ቤተሰቡ «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ የሚላመደው በዚያች ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የተዘጋጀች የምትመስል አንዲት ወጥመድ አለች። ስዋሂሊ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው ቀኑን የሚቆጥሩት በአንድ መንገድ፣ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ለስዋሂሊው «ሳአ ንኔ» የሆነው ለአማርኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ ግን የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰንጠረዡ ውኃው ሸሽቶ የሚያበቃው በ10:00 ነው ይላል እንበል። ይህ በአማርኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢወርድ የተሳሳተው በስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ባሕሩ ከሽሽት ወደ ሙላት የሚሸጋገርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚያገኘው ትንሽ የተለወጠ ውኃ ሳይሆን የሰንጠረዡን ፍጹም ተቃራኒ ነው። በሌላ ጉዳይ የሰዓት ስሕተት አውቶቡስ ያሳልፋል። እዚህ ግን ከቁርጭምጭሚት ወደ ራስ ያደርሳል። ሰንጠረዡን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቁጥሩን ሳይለውጥ ከተወው፣ ቃላቱን የቱንም ያህል ቢያሳምር አልተረጎመም።

ከሽማግሌዎች የሚወረሰው የባሕር ዕውቀትም በዚህ ረገድ እምብዛም አይረዳም። የአማርኛ ተናጋሪው የባሕር ትዝታ ባመዛኙ የምጽዋ ትዝታ ነው፤ ጉርጉሱም፣ አረንጓዴዋ ደሴት፣ ዳህላክ። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ያ ጠረፍ የኢትዮጵያ አይደለም፤ ትዝታው ግን በየቤቱ ሳሎን አለ፤ «እኛ ምጽዋ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ ውስጥ ነበርን» የሚል አጎት አይጠፋም። አጎቱ አልዋሸም። የቀይ ባሕር ሙላትና ሽሽት ከሕንድ ውቅያኖሱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ፣ እርሱ የሚያውቀው ባሕር በእርግጥም ባለበት የሚቆይ ነው። ልምዱን ወደ ኬንያ ጠረፍ ይዞ ሲወርድ ነው የሚሳሳተው። ለታናናሾቹ ደግሞ ባሕር ማለት ሌላ ዜና ነው፤ በኦገስት 2025 መጀመሪያ በየመን አቢያን ጠረፍ ላይ የተገለበጠችውና አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቿ ኢትዮጵያውያን የነበሩባት ጀልባ ከ60 በላይ ሰዎችን ይዛ መስጠሟ። በናፍቆትና በሐዘን መካከል፣ ባሕርን እንደ አንድ ተራ፣ ጠባዩን ሊያጠኑት እንደሚገባ ነገር የሚያይ የአማርኛ ጽሑፍ ቦታ አጥቷል።

ሕፃናቱ ግን በራሪ ወረቀትም አያነቡ፣ የአጎት ትዝታም አይሰሙ፤ ፊልም ያያሉ። በ2003 የወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» ከወረቀቶቹ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሕፃናትን ወደ ባሕር ጠርቷል። ፊልሙ ስለ አባትነት ያለው አቋም ለሞያሌ ቤተሰብ መከራከሪያ የሚሆን ነው። ማርሊን የተባለው አባት ዓሣ ፈሪ ነው፤ ታሪኩ በሙሉ የተሠራው ይህን ፍርሃቱን እንደ በሽታ ቆጥሮ ለመፈወስ ነው። በእርግጥ ማርሊን ዓሣ ነው፤ ዓሣ ውኃን ቢፈራ ያስቃል። ዋና የማይችል አባት ግን ልጁን «ተመለስ» ሲል እንደ ማርሊን ሊሳቅበት አይገባም። ሆኖም ፊልሙ አንድ እውነት ይናገራል፤ ያውም ወረቀቶቹ የሚሸሽጉትን። ኮራሉ በድንገት አልቆ ወለሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ገደል የሚወርድበት ጠርዝ አለ፤ ኒሞ አባቱን እልህ ይዞት ያንን ጠርዝ አልፎ ወደ ጀልባዋ ሲዋኝ ነው የሚያዘው። አንድ ሕፃን ከዚያ ፊልም «ጠርዝ» የሚል ሐሳብ ብቻ ይዞ ቢወጣ፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ የበለጠ አትርፏል። ከእርሱ አስቀድሞ በ1956 በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት የወሰደው የዣክ ኢቭ ኩስቶና የሉዊ ማል «ዝምተኛው ዓለም» ደግሞ ለጀግና ዋናተኞች የተሠራ ሥራ ነው፤ ዓሣ ለመቁጠር ብሎ በኮራል መካከል ድማሚት የሚያፈነዳባት ትዕይንቱ ዛሬ ታይታ የምትታገሥ አይደለችም። በዳር ቆሞ ውኃውን የሚመረምር ቤተሰብ በሁለቱም ፊልሞች ውስጥ የለም።

ወደ ወረቀቱ ስንመለስ፣ ትልቁ ቅራኔ ገና አልተነካም። ስኖርክል የሚባለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ፊትን በመስታወት ከልሎ፣ በአፍ በያዙት ቱቦ እየተነፈሱ፣ በሆድ ተንሳፍፎ ታች ያለውን ማየት። ዋና የማይችል ሰው በዚህ ሁኔታ ሳለ ቢደነግጥ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቆማል። ደኅንነቱም ያለው በመቆሙ ነው። ወረቀቱ ግን «ጥልቀት የሌለው» ብሎ የሚያሞግሰው ቦታ ብዙውን ጊዜ ኮራሉ ወደ ላይ ስለቀረበ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ማለትም እግር የሚያርፈው በኮራል ላይ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ በኬንያ ጠረፍ አብዛኛው ነጥቶ ሞቶ ነበር። በጥብቅ ፓርኮቹ ውስጥ በላዩ መቆም የማይፈቀደውም ለዚህ ነው። ለቋሚውም ቢሆን ምቹ አይደለም፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ በጉድጓዶቹም የባሕር ጃርት የሚሉት፣ ረጅም ጥቁር እሾኽ ያለው ፍጡር ይሸሸጋል። እንግዲህ ያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ቢቆም ኮራሉን ይገድላል፣ እግሩንም ይቆስላል፤ ባይቆም ይሰጥማል። ዋና ለማይችል ሰው ውብ ኮራል ያለበት ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ወረቀቱም ለእርሱ የሚሸጥለት ይህንኑ ነው።

የሚሻለው ቦታ በፎቶግራፍ ያን ያህል የማያምረው ነው። የኬንያ ጠረፍ ባብዛኛው ከዳርቻው ትይዩ በሚሄድ የኮራል አለት የታጠረ ስለሆነ፣ በአለቱና በዳርቻው መካከል ከማዕበል የተከለለ ውኃ አለ። ይህ ውኃ ወለሉ አሸዋ በሆነበት፣ ጥቂት ጥቂት አለት ብቻ ተበታትኖ በሚገኝበት ቦታ ዋና የማይችል ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ነክሮ፣ በአለቱ ዙሪያ የሚዞሩትን ትንንሽ ዓሦች ማየት ይችላል። መንሳፈፍም አያስፈልገውም። ውኃው ሸሽቶ ከሚያበቃበት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መግባት፣ ሙላቱ ሲጀምር መውጣት፤ አለቱ እንደ በር ከተከፈተባቸው ክፍተቶች መራቅ፤ የሚሸሸው ውኃ ሁሉ በእነዚያ በሮች ስለሚወጣ ሰውንም ይዞ ይወጣልና።

በዚህ ዓይን ሲታዩ ታዋቂዎቹ ቦታዎች እኩል አይደሉም። ዋታሙና ማሊንዲ በ1968 በኬንያ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች ሆነው የተከለሉ ናቸው፤ አሁን በኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ይጠበቃሉ። በዋታሙ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው ነጭ አሸዋና በመካከሉ የሚቀሩት የተከለሉ ኩሬዎች ለሕፃን የተሠሩ ይመስላሉ፤ ግን ከዚያው አጠገብ ያለው የሚዳ ክሪክ፣ ማንግሮቭ ያጠረው የባሕር ገባር፣ ሲሞላና ሲሸሽ ውኃው እንደ ወንዝ ስለሚሮጥ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማስተዋወቅ ጥፋት ነው። ማሊንዲ በዝናብ ወራት የሳባኪ ወንዝ ከደጋው ባመጣው አፈር ይደፈርሳል፤ ያኔ መነጽር ያደረገ ሰው የሚያየው የራሱን እጅ ነው። በዲያኒ ውኃው እስከ አለቱ ድረስ ይሸሻል፤ በእግር የሚሄዱበት ሰፊ ሜዳ ይሆናል፤ የሚመለስበትን ሰዓት ለማያውቅ ግን ሩቅ ሜዳ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ኪሲቴ ከሁሉ ውብ ነው የሚሉ አሉ፤ ውበቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሺሞኒ በጀልባ ሄደው እግር በማያገኝበት ውኃ የሚወርዱበት ስለሆነ «ዋና ማወቅ አያስፈልግም» የሚለው ሐረግ እዚያ ጨርሶ ሊጻፍ የማይገባው ነው።

የፓርኮቹ ጥበቃ ለዓሣው ብቻ አለመሆኑም ይነገር። ዓሣ ያለ ልክ በሚሰገርበት ቦታ የባሕር ጃርትን የሚበሉት ዓሦች ስለሚያልቁ ጃርቱ ይበዛል፤ በተጠበቀው ክልል ውስጥ ግን ያንሳል። የሕፃኑ ባዶ እግርና የተከለለው ባሕር በዚህ ይገናኛሉ። ጫማ ግን በሁሉም ቦታ ይደረግ።

ወሩም ይለያል፤ ወረቀቱ ግን ወር የለውም። ከኖቬምበር ወይም ዲሴምበር እስከ ማርች የሚነፍሰው ካስካዚ ባሕሩን ያረጋጋል፤ ከአፕሪል ጀምሮ የሚነፍሰው ኩሲ ያናውጠዋል፤ ያደፈርሰዋል። የኬንያ ትምህርት ቤቶች የኦገስት ዕረፍት በኩሲ ላይ ይወድቃል፤ ከድንበሩ ወዲያ ላሉ ዘመዶች የክረምቱ ዕረፍትም እንዲሁ። የዲሴምበሩ ይሻላል፤ ሰውና ዋጋው የሚጨምረውም በዚያው ወር ነው። በኦገስት ቅናሽ ተደረገ ተብሎ የሚመጣ ወረቀት ቅናሹ ከምን እንደመጣ ቢጨምርበት ሐቀኛ ይሆን ነበር።

ስለ ዕቃዎቹ የሚጻፈው አማርኛም ሊታረም ይገባዋል። አየር ተነፍቶ በክንድ የሚጠለቀው የሕፃናት ፕላስቲክ፣ በጎማ የተሠራው ዳክዬ፣ እና የነፍስ አድን ሰደርያው ሦስቱም «ተንሳፋፊ» በሚል አንድ ቃል ሲጠሩ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መጫወቻ ናቸው፤ ይወልቃሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ነፋስም ወደ ጥልቁ ይገፋቸዋል። ሰደርያው ብቻ ነው በልክ ሲታሰር ሰውን የሚይዝ። አንድ ነገር ደግሞ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይነበብም፤ ቱቦ ይዞ በደስታ ዓሣ የሚያይ ሰውና ራሱን ስቶ የሚሰጥም ሰው ከዳር ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ፊታቸውን ደፍተው ዝም ብለዋል። ጩኸት የለም፤ እጅ ማወናጨፍ የለም። ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው በዳር ጃንጥላ ሥር ሳይሆን በክንድ ርቀት ቆሞ፣ ከልጁ ጋር አብሮ ሳያይ፣ ልጁን ብቻ ማየት አለበት። «ለቤተሰብ» ተብሎ የተጻፈው ጉብኝት ከቤተሰቡ አንዱን ከመዝናናት ያግደዋል ማለት ነው፤ ይህን የሚያክል ዋጋ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አልሰፈረም።

ኮራሉንስ ሳያዩ ይመለሱ? በማሊንዲና በዋታሙ ወለላቸው መስታወት የሆነ ጀልባዎች አሉ። ጎብኚዎች የሽማግሌ ነገር አድርገው ይንቋቸዋል፤ ወረቀቶቹም ከመጨረሻው መስመር ላይ ያስቀምጧቸዋል። ዋና ለማይችል ቤተሰብ ግን ሰደርያ ለብሶ፣ ደረቅ ሆኖ፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መስታወት ላይ አጎንብሰው ያንኑ ኮራል የሚያዩበት ሌላ መንገድ የለም። በመጀመሪያው መስመር ሊጻፍ የሚገባው ይኸው ነበር።

መነጽሩንና ቱቦውን ለመልመድ ደግሞ እስከ ጠረፉ መጠበቅ አያሻም። ዋና የማይችል ሰው ባሕር ውስጥ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ጥልቀቱ ሳይሆን በአፍንጫ መተንፈስ አለመቻሉ ነው፤ በመነጽሩ ጠርዝ የገባች ጠብታ፣ በቱቦው የወረደች ጉንጭ የማትሞላ ጨዋማ ውኃ። ይህን ሞያሌ ላይ፣ በግቢ ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ መለማመድ ይቻላል። ግማሽ ጀሪካን ውኃ ይበቃል። ልጁ በሳፋው አጠገብ ተንበርክኮ መነጽሩን ያጠብቃል፤ ፀጉር በጎማው ሥር እንዳይገባ ይደረጋል፤ አባትየው ጢም ካለው ውኃ እንደሚያስገባበት ያኔ ያውቀዋል። ፊት ይነከራል፣ በአፍ ብቻ ይተነፈሳል፤ ቱቦው ውኃ ሲጠጣ «እፍ» ተብሎ ይወጣል። ከሳፋው ወለል ላይ ሳንቲም ወይም ጠጠር ቢጣል የሚታይ ነገርም አይጠፋም። ሲበቃ ውኃው አይደፋም፤ ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።